ከተማው ሁሉ ያነበበው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት አልታየችን ደብረ ብርሃን፣ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር ትተናት የሄድነው። ሰው ሳምንት ሙሉ ብርድ ላይ አይተውም። ይቅርታዋን እንለምንና አሁን ወደ ውስጥ እናስገባት።

አዲስ ለመጣ አንባቢ ግን ነገሩን ከሥሩ እናስታውሰው። አልታየች የአንኮበሩ ገበሬ የአቶ ገብረአብ ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን መጥታ ብርድ ልብስ ከሚያመርት አንድ ፋብሪካ ሽመና ክፍል መሥራት ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው። ዘሥላሴ የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነው። እናቱ ወይዘሮ ዘነበች መሃል ከተማ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ ያላቸው፣ ሰላምታቸው እንኳ ሰው የሚመርጥ ሴት ናቸው። አልታየችና ዘሥላሴ የተዋወቁት ፋብሪካው የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ በጣት አሻራ መመዝገብ በጀመረ ሰሞን ነው። ዘሥላሴ ስለ አዲሱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ሊያስረዳ መጥቶ «አሻራችሁ የእናንተ ነው» ሲል፣ አልታየች ከኋላ ወንበር እጇን አወጣችና «የእኛ ከሆነ ሥራ ስንለቅ ይመልሱልናል?» ብላ ጠየቀችው። አዳራሹ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ መልሱን አጣርቶ እንደሚመጣ ነገራትና በሳምንቱ ይዞት መጣ። ከዚያ ወዲህ መምጣቱን አላቆመም።

አዋጁን የሚያስፈጽመውን መመሪያ ከሚያረቁት አንዱ ስለነበረ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አዲስ አበባ ይውላል። እሷ ደግሞ ስልክ ላይ ፊደል መልቀም አይሆንላትም። በመስመር ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍና፣ ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክለታለች። በየደብዳቤው ራስጌ ቀኑን አትረሳም፤ አባቷ ያስለመዳት ነው።

ከዚያ ያ የተረገመ ግንቦት መጣ። «የብርድ አገር ወሬ» የሚባል የቴሌግራም ቻናል ደብዳቤዎቿን በቀን አንድ አንድ እያለ ለቀቃቸው፤ በዚያው በእጅ ጽሑፏ፣ ከነስሟ። ከጫጫ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች «አንተ ስትመጣ ብርዱ ራሱ ያፍራል» የምትለውን መስመሯን እየተቀባበሉ ሲስቁ ሰማች። መንገድ ላይ ወርዳ የቀረውን በእግሯ ሄደች።

ቻናሉን ከፍታ አይታው አታውቅም። ያየች ዕለት የምትሞት ነበር የሚመስላት። ደብዳቤዎቹ ያሉት ደግሞ በሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በእሷ ስልክና በእሱ ስልክ። የእሷ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም፤ እሷ እንደምታስበው። እናም በበሬሳ ወንዝ ድልድይ ላይ ዘሥላሴን አስቁማ «ለማን አሳየኸው?» አለችው።

«ለማንም» አላት።

ዓይኑን አየችው፤ አላመነችውም። እሱም መማል አልወደደም። በማግስቱ አንዲት አጭር ደብዳቤ ላከላት። «አልታየች፣ አትፍሪ፤ ክሰሺ። የተደፈረው ያንቺ መብት ነው፣ ሕግም አለሽ። እኔ ስሜ ስላለበት ልቆምልሽ አልችልም። ነጻ የሕግ አገልግሎት ቢሮ ሕይወት የምትባል ጠበቃ አለች፤ እሷ ዘንድ ሂጂ። ጥፋተኛው እኔ ሆኜ ከተገኘሁም እኔኑ ክሰሺኝ።» ከዚያ በኋላ ስድስት ወር አልተነጋገሩም።

ሕይወትን እግዜር ይስጣት። ጠበቃዋ አንድም ቀን «ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?» ብላ ሳትጠይቃት ከጣቢያ ጣቢያ ተመላለሰች። በመጨረሻም ቻናሉ የተከፈተበት ስልክ ቁጥር ፍቃዱ በሚባል፣ አልታየች አይታው በማታውቀው ሰው ስም መመዝገቡ ተረጋገጠ። ፍቃዱም ቻናሉን አልካደም። «ደብዳቤዎቹን የላከልኝ ራሱ ዘሥላሴ ነው፤ ሊፎክርባት» ብሎ መልስ ሰጠ። ዛሬ ዘሥላሴ ለምስክርነት የተጠራው ለዚህ ነው።

*

ሲገባ ከሳ ብሎ አገኘችው። አንገቱ ላይ ከገበያ ሱፍ ገዝታ የሠራችለትን ግራጫ ሻርፕ ጠምጥሟል። ላታየው ወስና ነበር የመጣችው፤ ሻርፑ ግን ውሳኔዋን አስረሳት። እሱ አንዴ ብቻ አያት። ያ አስተያየት ወቀሳም ልመናም አልነበረበትም፤ ደህና መሆኗን ለማየት ብቻ የተላከ ይመስል ነበር፣ አይቶም ተመለሰ። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰና ተቆጣችው።

የፍቃዱ ጠበቃ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም።

«ስልክዎን ይዘዋል፣ አቶ ዘሥላሴ?»

«ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ለፍርድ ቤቱ ይስጡና ይመርመር። ንጹሕ ሰው የሚያስፈራው ነገር የለም።»

ይህቺን አነጋገር እናውቃታለን፤ በሰው ጓዳ መግባት የሚፈልግ ሁሉ ይዟት ይመጣል። አልታየች ግን ስትሰማት የዘሥላሴን ስልክ አሰበች። በዚያ ስልክ ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ። በአሥራ አምስት ዓመቷ ተድራ፣ በሦስተኛው ወር ሌሊቱን በእግሯ አቋርጣ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችበትን ታሪክ የጻፈችበት ነው። ለማንም ነግራው አታውቅም። ለዘሥላሴ ከላከችው በኋላ ፎቶውንም ቴሌግራሙ ላይ ያለውንም ከራሷ ስልክ ወዲያው አጥፍታዋለች። ስድስት ወር ሙሉ ከተማው እሱንም አንብቦታል እያለች ነው አንገቷን ደፍታ የኖረችው። በየሰው ስልክ መነበቡ አንድ ነገር ነው፤ እዚህ፣ የፋብሪካ ጓደኞቿ በተቀመጡበት፣ በችሎት ጸሐፊ አንደበት ሲነበብ መስማት ሌላ። እባክህ አትስጥ አለች በልቧ፤ የማታምነውን ሰው ስትለምን ራሷን አገኘችው።

«ስልኩ የእኔ ነው» አለ ዘሥላሴ። «ውስጡ ያሉት ደብዳቤዎች ግን የእሷ ናቸው። አልሰጥም።»

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሕጉን እርስዎ ያስተምራሉ። ምስጢራዊ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ተገቢ ምክንያት ካለው ፍርድ ቤት ሊያቀርበው እንደሚፈቀድለት ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ፣ ክብርት ዳኛ። ሕጉ ይፈቅድልኛል። እሷ ግን አልፈቀደችልኝም።»

«ባያቀርቡ ጥርጣሬው በእርስዎ ላይ ሊቆይ ይችላል።»

«ይቆይ» አለ፤ ድምፁን ሳያነሣ።

ጠበቃው ፈገግ አለ። «ቻናሉ ላይ የወጡትንስ አይተዋቸዋል?»

«አላየሁም።»

«ስድስት ወር ሙሉ?»

«እሷ የላከችልኝን አንብቤያለሁ። ሌላ ሰው የሚያሳየኝን የእሷን ደብዳቤ አላነብም።»

ከኋላ ወንበር ማጉረምረም ተሰማ። አልታየች ግን አባቷን ነበር ያሰበችው። ሰኔ ላይ ገበያ ላይ አንድ ጎረቤት ስልክ ዘርግቶ «የልጅህን ላንብብልህ» ቢላቸው፣ አቶ ገብረአብ «ለእኔ ያልጻፈችውን ምን ብዬ እሰማለሁ» ብለው ገብሳቸውን መስፈር ቀጥለዋል። ይህንን ከሰው ሰምታ አንድ ሌሊት ሙሉ በምስጋና አልቅሳለች። ያንኑ ቃል ዛሬ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማ፣ አባቷን ባመሰገነችበት አንደበት ይህንን ሰው ስትረግም መክረሟ ትዝ አላትና ፊቷ ጋለ።

*

ጠበቃው አሁን ወደ እሷ ዞረ። የታተሙ ወረቀቶች አንድ እሽግ ፊቷ አኖረና «የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን ገልጠው ያረጋግጡልን» አላት። ማምለጫ አልነበራትም። ሕይወት ክንዷን ነካ አድርጋ «ቀስ ብለሽ፤ ጊዜ አለሽ» አለቻት በሹክሹክታ።

መጀመሪያ የገለጠችው ያንን የጨለማ ደብዳቤዋን ፍለጋ ነበር። ገለጠች። ደግማ ገለጠች። የለም። ከተማው ስለዚያ ትዳር አንድም ቃል አላነበበም። ስድስት ወር የተሸከመችው ፍርሃት ለካ በባዶው ኖሯል፤ ደብዳቤው ከአንድ ሰው ስልክ አልወጣም፣ ያም ሰው አሁን እዚያ ቆሞ «ይቆይ» ያለው ነው። ደብዳቤዎቿን በከተማው ፊት የሚጥል ሰው ከሁሉ የከበደውን ለይቶ አያስቀርም።

ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ አየች። ራስጌው ላይ ግንቦት 4 ይላል።

ይህንን ደብዳቤ ታውቀዋለች፤ ግን አልላከችውም። ዘሥላሴ «ሽማግሌ ልላክ?» ብሎ ለጠየቃት ጥያቄ የጻፈችው መልስ ነበር። ጽፋ፣ ፎቶ አንስታ፣ ልትልክ ስትል ወይዘሮ ዘነበች በአንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ጀርባቸውን የሰጧት ትዝ ብሏት ወረቀቱን ቀደደችው። ፎቶው ግን ስልኳ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ስልኳ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀና ረሳችው።

ስልኳ ተሰነጠቀ። ሀብታሙ ሱቅ ወሰደችው።

አሁን ሁሉም ነገር እንደ ፈታችው ክር ተተረተረላት። ሀብታሙ ስልክ ጠጋኝ ነው፤ የአባቷ የማኅበር ወንድም። ለእሱ መስጠት ለእሷ ከእጅ መውጣት አልነበረም። እንደሁሉም ደንበኛ ስልኩ ጀርባ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ስሟን ጻፈበት፤ እሷም እስክሪብቶውን ተቀብላ ስልኩ የሚከፈትበትን የጣት መስመር በገዛ እጇ ሣለችበት። በየጥገናው ሱቅ መስኮት ላይ እንደዚያ የቤቱ ቁልፍ ከነአድራሻው የተለጠፈበት ስልክ ይደረደራል፤ ነውር ነው ያለ ማንም የለም። ሦስት ቀን ቆይቶ ተመለሰላት።

ተነሣች። «ክብርት ዳኛ» አለች። «ይህንን እኔ ጽፌዋለሁ። ግን ለማንም አልላክሁትም። አቶ ዘሥላሴም አልደረሳቸውም። ከእኔ ስልክ በቀር የትም አልነበረም።»

ፍቃዱ ወደ ጠበቃው ዞረ። ጠበቃው ወደ ወረቀቱ።

ሀብታሙ ከሰዓት በኋላ ተጠርቶ መጣ፤ ደንበኞቹን የሚመዘግብበትን ደብተር በብብቱ ይዞ። ግንቦት 5 ስልኩን እንደተቀበለ፣ በዚያው ማታ ደብረ ሲና ለቅሶ እንደተጠራ፣ ሦስቱን ቀን ሱቁን አደራ የሰጠውም አልፎ አልፎ ለሚያግዘው ለፍቃዱ መሆኑን እያፈረ ተናገረ። «ስልኳንም እሱ ነው የሠራው» አለ፤ ከዚያ ወደ አልታየች ዞሮ «እህቴ፣ ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አላት። ፍቃዱ ከዚያ በኋላ የተጠየቀውን ሁሉ መሬት መሬቱን እያየ መለሰ።

አልታየች የሰማችው በግማሽ ጆሮ ነው። ምስክር ወንበር አጠገብ የቆመውን ሰው እያየች ነበር። ነጻ ሲወጣ እንኳ ፊቱ ላይ ድል አልታያትም። ስድስት ወር የጥፋተኛ ስም ተሸክሞ፣ ዛሬም ሊያወርደው ሲችል ለእሷ ሲል ሊይዘው የመረጠ ሰው ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚለው ቃል እዚያ አዳራሽ ውስጥ ለዚህ አነሰባት።

*

ኮሪደሩ ላይ ያገኘቻት የመጀመሪያ ሰው ያልጠበቀቻት ናት። ወይዘሮ ዘነበች ነጠላቸውን አጣፍተው ግድግዳው አጠገብ ቆመዋል። አልታየች ጎንበስ ብላ ልታልፍ ስትል እጇን ያዟት።

«ልጄ አላነበበውም» አሉ። «እኔ ግን አንብቤዋለሁ። የግንቦቱን። ሰው አምጥቶ አሳየኝ፣ እኔም አልሸሸሁም።»

«እትዬ ዘነበች...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። "እናትህ ለእኔ ፊት ባይሰጡኝም፣ ለአንተ ሲሳሱ አይቼ ወድጃቸዋለሁ" ብለሽ ጽፈሻል። ያንን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ላንቺ ይቅርታ ልል ስመጣ፣ ያላሳየሽኝን ማየቴን መናገር ሊኖርብኝ ነው። አፈርኩ፤ ስለዚህ ዝም አልኩ። ያልተማረው አእምሮዬ ይኸው ነው።» ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ይቅር በይኝ፣ እናቴ። በድንኳኑም፣ በማንበቤም።»

አልታየች እኚህን ሴት ስትፈራ ነው የኖረችው። አሁን ስታቅፋቸው፣ እንደ ማንኛዋም የአንኮበር እናት ቀጭን ሆነው ተሰሟት። ትከሻቸውን ስማ «እኔም አመሰግንዎታለሁ» አለች። «ምኑን?» ሲሏት «እሱን ስላሳደጉት» አለቻቸው። ወይዘሮ ዘነበች እስከ ደጁ ድረስ እጇን ሳይለቁ አብረዋት ሄዱ።

*

ፍርዱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተሰጠ። ቻናሉ እንዲዘጋ፣ ቅጂዎቹ እንዲጠፉ፣ ፍቃዱም ካሳ እንዲከፍልና በጽሑፍ ይቅርታ እንዲጠይቅ ታዘዘ። ከሁሉ አልታየችን ያስደሰታት ግን ፍርዱ ራሱ አይደለም። ሕይወትና ዘሥላሴ የከተማውን ስልክ ጠጋኞች ሰብስበው ሲያወያዩ፣ ከሁሉ ቀድሞ ሀብታሙ ተነሥቶ ፕላስተሩን እንዳስቀረ ተናገረ። ዛሬ ሱቁ የሚሄድ ሰው ስልኩን ራሱ ከፍቶ ያሳያል፣ ራሱ ይዘጋል። ሌሎቹም እየለመዱት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የግንቦት አራቱን ደብዳቤ ደብረ ብርሃን አንብቦታል፤ ጫጫ አንብቦታል፤ እነዋሪ ድረስ ደርሷል። መልሱን የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር የተጻፈለት ራሱ ነው። እናቱ ሽማግሌዎቹን በልባቸው መርጠው ጨርሰዋል፤ ግን ሲጠይቃቸው «እኔ አልነግርህም፤ የእሷ ነው፣ እሷን ጠይቅ» ይሉታል። ወሬ ወዳዱ ከተማ እንኳ፣ ይግረማችሁ፣ አፉን ያዘ።

እሷ «አንኮበር ና» አለችው፤ መጣ።

ታኅሣሥ ነበር፤ አቶ ገብረአብ አውድማ ላይ ገብስ ሲያበራዩ ከሩቅ አይተውት፣ እጃቸውን አንሥተው ሰላም አሉትና ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። አልታየች ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ነፋሱ ቆላውን አቋርጦ በሚመጣበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘሥላሴ አጠገቧ ተቀመጠ። ሻርፑን ጠምጥሟል።

«ሳላምንህ በመቅረቴ» አለችው ወዲያው፣ ልቧ ሳይሸሽባት፣ «ይቅር በለኝ።»

«የእኔንም ስሚኝ። ድልድዩ ላይ ብምል ይሻል ነበር። ኩሩ ሆንኩብሽ።»

«ኩራትህን አመሰግነዋለሁ። ያንን ደብዳቤ...» ጋቢዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። «ከችሎቱ ፊት ብትሰጠው ኖሮ ነጻ ትወጣ ነበር። ያንተን ስም አስይዘህ የእኔን ጠበቅክ። እኔ እኮ ላንተ ያን ያህል አላደረግሁም።»

«አድርገሻል። እሱን ደብዳቤ ለእኔ የጻፍሽ ቀን ጨርሰሽዋል» አላት። «በሕይወቴ እንደዚያ የታመንኩበት ቀን የለም።»

ከዚያ ከጋቢዋ ሥር አራት ቦታ የታጠፈ የመስመር ወረቀት አወጣች።

«የግንቦቱን ሁሉም ሰው አንብቦታል» አለች። «ለአንተ ሰው የጠገበውን መስጠት አልወደድኩም። ትናንት ሌላ ጻፍኩ። ፎቶ አላነሣሁትም። ይህንን ማንም አላየውም።»

ተቀበላት። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ሳይከፍተው ቆየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ፣ ያ ፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ መልሱን አጣርቶ እንደሚመጣ የነገራት ዕለት ባየችው ፊት አያት።

«ልክፈተው?»

በእጁ ያለ፣ ለእሱ የተጻፈ፣ በእሷ እጅ የተሰጠው ደብዳቤ ነው። አሁንም ይጠይቃታል። አልታየች ሳቀች፣ ሳቋም እንባ ሆነባት፤ እንደዚህ ዓይነት ሰው ላመጣላት አምላክ ምን ብላ እንደምትናገር ጠፋት።

«ክፈተው» አለችው።

ከፈተው። አነበበ። እስከ መጨረሻው ደርሶ ከላይ ጀመረ። ሁለተኛ ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና እጇን ያዘ፤ አውድማው ላይ አቶ ገብረአብ በሬዎቹን አቁመው ወደ እነሱ እያዩ ፈገግ አሉ።

ምን ይል ነበር ደብዳቤው ትሉናላችሁ። የፊተኞቹን መስመሮች ስንጠቅስላችሁ የሚኒባሱ ሰዎች እኛም ነበርን፤ ለዚያ አልታየች ይቅር ትበለን። ይህኛው ግን ለእኛ አልተጻፈም፤ አላነበብነውም።